መጋዙን ያጾሙት ባላምባራስ

ሰው የማያውቀውን ነገር በእጁ ይዞ «አውቃለሁ» ሲል ማየት ከሁሉ በላይ እኔን ያስጨንቀኛል። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ይኸው አመል በእኔም ላይ ስላለ ይሆናል። አንባቢዬ ግን እኔን ትቶ በጥድ አምባ ኪዳነ ምሕረት አጸድ ውስጥ ያየሁትን ይስማ፤ የፈራሁትንም ፍርሃት አብሮኝ ይፍራ።

ጊዜው ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ከሆሳዕና በፊት ያለው ሐሙስ ነበር። ከማስተምርበት ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ አክስቴን ልጠይቅ ወደ አንኮበር በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ስለነበር መኪናችን ከከተማው ሳይደርስ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ «ዛሬ መውጣታችንን እንጃ» ቢል ጊዜ ሻንጣዬን አንሥቼ በእግሬ ቀጠልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ በጉሙ ውስጥ የሞተር ጩኸት ሰማሁ። የጤነኛ ሞተር ጩኸት አልነበረም፤ ያጓራና ያጓራና ድምፁ ይቆራረጣል። አፍታም ሳይቆይ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ቁሌት ሽታ። በዐቢይ ጾም፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ፣ ገና በረፋዱ ማን ወጥ ያሳርራል ብዬ ወደ ዛፎቹ ገባሁ።

አንድ ትልቅ የጥድ ግንድ መሬት ላይ ተጋድሟል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ኩታቸውን ወገባቸው ላይ ያሸረጡ አንድ ረጅም ሰው ቀይ የሞተር መጋዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ግንዱን ይገዘግዛሉ። ከአጠገባቸው ባለቤታቸው ተጎንብሰው፣ በቅል ውሃ እየቀዱ በሚሽከረከረው ሰንሰለት ላይ ያፈሳሉ። ውሃው ብረቱን ሲነካ ችስ እያለ በእንፋሎት ይነሣል። የሴትዮዋ ጣቶች ከሰንሰለቱ ጥርስ አንድ ስንዝር አይርቁም ነበር።

«ኧረ በሕግ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰውየው ሞተሩን አጥፍተው ቀና አሉ። በሰላምታ ፋንታ መጀመሪያ ወደ መንገዱ አዩ፤ ሌላ ሰው ተከትሎኝ እንደሆነ ማጣራታቸው ነው። ብቻዬን መሆኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንደምን አረፈድክ፣ ልጄ። ባላምባራስ ወልደአረጋይ እባላለሁ፤ የዚህች ደብር አሠሪ ነኝ። ይህች ባለቤቴ ወይዘሮ ይመኙሻል ናት። እንግዳ ትመስላለህ።»

ስሜንና ሥራዬን ነገርኳቸውና «ባላምባራስ፣ የእትዬ እጅ እኮ ሊቆረጥ ነው! ውሃውስ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«ብረቱ ይግላል፤ ውሃው ያበርደዋል። ሞረድ ላይ ውሃ ይፈስ የለም?»

«ሞረድ እኮ ጥርስ የለውም!»

ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ መጋዙ መለሱ። ነገሩን ቀስ በቀስ የነገሩኝ ወይዘሮ ይመኙሻል ናቸው። ባለፈው ክረምት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተደርምሶ ታቦቱ በዕቃ ቤት ተጠልሎ ነበር። ምእመናኑ ለአዲሱ ሕንፃ ዐሥራ ሁለት ምሰሶ በመጥረቢያ እንቁረጥ ሲሉ፣ ባላምባራስ «ሃያ መጥረቢያ በሳምንት የማይጨርሰውን እኔ ብቻዬን በአራት ቀን እጨርሰዋለሁ» ብለው በአደባባይ ቃል ገቡ። መጋዙን ደብረ ሲና አጠገብ መንገድ ይሠራ ከነበረና ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ በሰጋር በቅሏቸው ለውጠው ያመጡት በዚያው ወር ነው። ሰው ሁሉ ምሰሶ ሊያቆም የተጠራው ለቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ካለፈ ሰሙነ ሕማማት ይገባል፤ ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ወደ እርሻው ይበተናል፤ ታቦቱም ሁለተኛ ክረምት በዕቃ ቤት ይቀመጣል። እስከዚያች ሐሙስ የተቆረጠው ሰባት ነበር። አምስት ይቀራል።

«ረዳቶቹስ የት ሄዱ?» አልኩ።

«ትላንት አሰናበቷቸው» አሉ ወይዘሮዋ፣ ባላቸውን ሳያዩ። «መጋዙ ሲጨስ እንዳያዩ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ባላምባራስ መጋዛቸው መታመሙን ያውቃሉ፤ ነገር ግን ቃላቸውን ሰጥተዋልና ከሰው ደብቀውታል። የደበቁትንም ነገር ሚስታቸው በእጃቸው ተሸክመውታል።

ከመጋዙ ጋር የመጣች አንዲት የፈረንጅኛ መጽሐፍ እንዳለች ወይዘሮዋ ሲነግሩኝ ተቀበልኳቸው። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ለተማሪዎቼ የማልፈታው ቃል የለም ብዬ እኮራ ነበር። ከዚያች መጽሐፍ ግን ከሦስት ቃል አንዱ ብቻ ገባኝ። «በማንኛውም ጊዜ ዘይት» የሚል ነገር አየሁና «ዘይት ያስፈልገዋል» አልኩ በታላቅ ድምፅ፣ አዋቂ ለመምሰል።

«ዘይትማ ሞልቶታል!» አሉ ባላምባራስ ቁጣ ቁጣ እያላቸው። «በል ወግድ፤ ሥራ አታስፈታኝ።» ሞተሩን አስነሡ። ወይዘሮ ይመኙሻል ቅላቸውን አነሡ። እኔ «አይሆንም» ብዬ ክንዳቸውን ልይዝ ስል፣ እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ተጎነበሱ።

ጥቂት አልቆየም። ሰንሰለቱ ከሙቀቱ የተነሣ ላልቶ ኖሮ፣ በድንገት ከሚዞርበት ብረት ላይ ተፈናጥሮ ወጣና ቅሉን ከወይዘሮዋ እጅ መትቶ ሰባበረው። ሴትዮዋ የቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ቆጠሩ። አምስቱም አሉ፤ አውራ ጣታቸው ብቻ ተጭራ ደም ታዥ ነበር። እኔ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ።

ባላምባራስ ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ቆሙ። ያም ሆኖ ያሉት ምን እንደሆነ ስነግራችሁ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። «ተረፍሽ፤ ተመስገን። ሰንሰለቱን እመልሳለሁ፤ ሌላ ዕቃ ፈልጊ» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ስለ ቅዳሜ ብቻ ሲያስቡ ሌላውን ማየት ተስኗቸው ነው።

በዚህ መካከል ነው አንድ ወጣት ጭነት ያላት በቅሎ እየሳበ ከቆላው መንገድ ብቅ ያለው። ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ራሱ ላይ ነጭ ቆብ አድርጓል። ከአጸዱ ዳር ቆሞ በትሕትና እጅ ነሣ።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አባቶቼ። ስለደፈርኩ ይቅርታ፤ ያ ሞተር ደርቆ ነው የሚጮኸው። ከታች ጀምሮ ስሰማው ነው የመጣሁት። ሰላሀዲን እባላለሁ፤ የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ። ደብረ ሲና ጋራዥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ለአንኮበሩ ወፍጮ ሞተር ዘይት ይዤ እየወጣሁ ነው።»

«የኔ መጋዝ ምንም አልሆነም» አሉ ባላምባራስ። «እንጨቱ ነው የጠነከረ።»

«ይሆናል፣ አባቴ። ባየው ግን ምን ይጎዳል?»

ባላምባራስ «አይነካም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወዲያው ዓይናቸው በሚስታቸው አውራ ጣት ላይ ዐረፈና አፋቸውን መልሰው ከደኑ። ሰላሀዲን ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ተንበረከከ፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት በጨርቅ ጠረገው። ጫፉ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል።

«የሰንሰለቱን ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሞሉት?»

«ማክሰኞ ጠዋት።»

«ከዚያ ወዲህስ አልጎደለም?»

«አንዲት ጣት አልጎደለም!» አሉ ባላምባራስ፤ ደረታቸው ትንሽ ቀና አለ። «እንዴት ያለ ቆጣቢ መሣሪያ እንደሆነ ከዚህ ዕወቀው።»

ሰላሀዲን አልሳቀም። እኔ ብሆን እስቅ ነበር። «ባላምባራስ፣ ያልጎደለው ስላልወጣ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህን ቁልፍ በአውራ ጣት በተጫኑት ቁጥር ዘይት ተገፍቶ በዚህች ቀዳዳ ወደ ሰንሰለቱ መፍሰስ አለበት። ሦስት ቀን ሠርቶ ካልጎደለ ሰንሰለቱ ሦስት ቀን ዘይት አልቀመሰም ማለት ነው።»

ቁልፉን ቢጫነው አልሄድ አለው። ክዳኑን ፈትቶ ጣቱን ነከረና ሁለት ጣቶቹን አሻሸ። እንደ ሙጫ ተጣበቁበት። አሸተተው፤ ጣቱን ለእኔም አቀረበልኝና አሸተትኩት። የቁሌቱ ሽታ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

«ይህ የኑግ ዘይት ነው!» አልኩ።

«ነዋ» አሉ ባላምባራስ። «በቤቴ የተጨመቀ ንጹሕ ኑግ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። የሚቆረጠው የኪዳነ ምሕረት ምሰሶ ነው። ፈረንጁ የሰጠኝ ጥቁር ዘይት ከምን እንደተሠራ ማን ያውቃል? ሞራ ቢኖርበትስ? የታቦት ማደሪያ በፍስክ ቅባት ላስነካ?»

«ሐሳብዎ የንጹሕ ልብ ሐሳብ ነው» አለ ሰላሀዲን። «ነገር ግን የኑግ ዘይት ሲግልና አየር ሲያገኘው ይጓጉላል። በዚህ ብርድ ላይ ደግሞ ይወፍራል። ከሰጋቱራው ጋር ተለውሶ ቀዳዳውን ደፍኖታል።»

«እንግዲያው መጋዙ ይሙት እንጂ ጾም አልሽርም!»

«እኔም ጿሚ ነኝ፣ አባቴ። ባለፈው ረመዳን ከደብረ ሲና ደሴ ድረስ ከጭነት መኪና ጋር ሄጃለሁ። እኔ ውሃ ሳልቀምስ ዋልኩ፤ መኪናው ግን ቤንዚኑንም ዘይቱንም ሲጠጣ ዋለ። አላህ ጾምን የጻፈው ለሰው ነው፤ ለሞተር አይደለም። ለዚህ መጋዝ ቤንዚኑን ከየት አመጡት?»

«ፈረንጁ በጄሪካን የተወልኝ አለ።»

«ያ ቤንዚን ጥቁሩ ዘይት ተቀላቅሎበታል። ያለዚያ ይህ ዓይነት ሞተር አይሠራም። በጢሱ በኩል ሦስት ቀን ሙሉ ምሰሶው ላይ ሲተፋው ሰንብቷል። የቤንዚኑ ፍስክ ካልሆነ የሰንሰለቱ እንዴት ፍስክ ሆነ?»

ባላምባራስ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። እኔም አጋጣሚውን አገኘሁና እንዲህ አልኳቸው፦ «ባላምባራስ፣ ሰው ለማያውቀው ነገር ሕግ ሲያወጣ አደገኛ ነው። የጾሙን ጉዳይ ቄስ ጠይቀው ነበር?»

«አልጠየቅሁም። ምን ብዬ? ‹ያ የተኩራራበት መጋዝ አስቸገረው› እንዲባል?»

ሰላሀዲንም «እኔ በእናንተ ሃይማኖት ልፈርድ አልችልም፤ ‹ቄሱ ይፍቀዱ› ካሉኝ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ይመኙሻል በጨርቅ ያሰሯትን አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተናገሩ።

«እኔ ጠይቄያለሁ።»

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን።

«ማክሰኞ ማታ የንስሐ አባታችንን መምሬ ዘርአ ዳዊትን ጠየቅኋቸው። ‹ጾም ለነፍስና ለሥጋ ነው እንጂ ብረት ምን ነፍስ አለው? የሚስማማውን ዘይት ይጨምርለት› አሉኝ።»

«ማክሰኞ?» አሉ ባላምባራስ። «ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ረቡዕ ጠዋት ልነግርዎ አፌን ስከፍት ‹ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች፤ ውሃ ቅጂ› አሉኝ። ቀዳሁ።»

 ባላምባራስ ግንዱ ላይ ከአጠገቤ ተቀመጡ። በሕይወቴ ብዙ የተማሪ ኀፍረት አይቻለሁ፤ የሽማግሌ ኀፍረት ግን ማየት ይከብዳል። በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ፣ «በል ልጄ፣ አንተ እንደምታውቀው አድርግ» አሉ።

ሰላሀዲን ከጭነቱ ካቻቢቴና መፍቻ አወጣ። የኑጉን ዘይት ደፋው። ወይዘሮ ይመኙሻል ከቤት ላምባ አምጥተው ሰጡትና የዘይቱን ማጠራቀሚያ ሁለት ጊዜ አጠበ። ረጅሙን ብረት ፈትቶ በዙሪያው ባለው ቦይ ውስጥ የተጋገረውን ሰጋቱራ በወስፌ ፈልፍሎ አወጣ፤ ትንሿን ቀዳዳ በመርፌ ከፈታት። ከወፍጮው ዘይት ቀድቶ ሞላ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ለባላምባራስ እያሳየ፣ «አሁን እርስዎ ይሞክሩት» እያለ ነበር። የላላውን ሰንሰለት በልኩ አጥብቀው የመለሱት ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው።

«አሁን ወረቀት ስጡኝ» አለ ሰላሀዲን። ከሻንጣዬ አንድ ንጹሕ ሉክ አወጣሁ። ጉቶ ላይ ዘረጋውና ሞተሩን አስነሥቶ የመጋዙን ጫፍ ከወረቀቱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘ። ዘይቱ ከደረሰ ሰንሰለቱ እየረጨ ወረቀቱ ላይ መሥመር ያሰምራል አለን። ቁልፉን ተጫነ። አንድ ጊዜ ጥቂት ነጠብጣብ ታየ። ደግሞ ተጫነ፤ ምንም። ሦስተኛም ተጫነ፤ ምንም። ከዚያች ነጠብጣብ በቀር ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

 ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይጠጋል፤ አምስት ምሰሶ ይቀራል። ባላምባራስ «አላልኳችሁም? ይህ ከእኛ በላይ ነው» ብለው ቢነሡ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ተመልሰው ውሃ ሊቀዱ እንደሚሄዱ ታየኝ። ሴትዮዋም ያንኑ ሳይፈሩ አልቀሩም፤ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

ሰላሀዲን ሞተሩን አጠፋና ላቡን ጠረገ። «ምን እንደሆነ አላወቅሁትም» አለ ሳያፍር። «ዘይቱ አዲስ ነው፤ መንገዱ ተከፍቷል። መጀመሪያ ሲመጣ ቆይቶ ለምን እንደተቋረጠ አላውቅም። እስኪ እናስብ።»

ይህችን ንግግር ልብ በሉልኝ። ጋራዥ የሠራው ባለሙያ በሁላችን ፊት «አላወቅሁትም» ሲል ምንም አልጎደለበትም። ባላምባራስም ትክ ብለው አዩት፤ እንዲህ ማለት እንደሚቻል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ ይመስሉ ነበር። ሰላሀዲን ሊያየው ክዳኑን ላላ ቢያደርገው፣ ፉ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቁልፉን ቢጫን ዘይቱ በቀዳዳዋ ብቅ አለ።

«አየር አጥቶ ነው!» አለ። «በክዳኑ ላይ መተንፈሻ መኖር ነበረበት። የት ሄደ?»

ማንም ሳይጠይቃቸው ባላምባራስ ተነሡ።

«እኔ ነኝ የደፈንኩት» አሉ። «በዚያች በኩል ዘይቱ ኩታዬን ሲያበላሽብኝ፣ ፈረንጁ አበላሽቶ የሠራው መስሎኝ በጧፍ ሰም ደፈንኳት። ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላም ያጠፋሁት ካለ ጠይቀኝ፤ እነግርሃለሁ።»

ሰላሀዲን ሰሙን በመርፌ ጠረገውና ክዳኑን በልኩ ዘጋ። ወረቀቴን ገልብጦ ዘረጋ። ሞተሩ ተነሣ፤ ቁልፉ ተጫነ። በነጩ ወረቀት ላይ ቀጭን የዘይት መሥመር ተሰመረ፤ ሲደግመውም ሌላ መሥመር። 

ባላምባራስ መጋዙን ተቀብለው ወደ ግንዱ ሲቀርቡ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል እንደ ለመዱት ከአጠገባቸው ሊቆሙ ሄዱ። ባላምባራስ ወዲያው ሞተሩን አጠፉ። ሚስታቸውን በክንዳቸው ይዘው ከግንዱ ዐሥር እርምጃ አራቋቸውና ድንጋይ ላይ ኩታቸውን አንጥፈው አስቀመጧቸው። ከዚያ ተመልሰው መቁረጥ ጀመሩ። ሞተሩ አልተቆራረጠም፤ ሰንሰለቱም አልጨሰም። በዚያች ቀን ሁለት፣ በማግሥቱ ሦስት ምሰሶ ቆረጡ። እኔም እነሱ ቤት አድሬ ዐርብ አመሻሽ ላይ አክስቴ ዘንድ ደረስኩ፤ ብዙም ተቆጣችኝ።

አንባቢዬ፣ የባላምባራስ ስሕተት በሞተር መጋዝ ብቻ የሚገኝ አይምሰልህ። አዲስ መሣሪያ ወደ አገራችን በመጣ ቁጥር በልማዳችን ልናዝዘው እንሞክራለን፤ እንቢ ሲለን ወይ እንጨቱን ወይ ፈረንጁን እንወቅሳለን። መሣሪያ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። የሚስማማውን ዘይት የሰጠው ሰው ሰንሰለቱ ዕድሜ ያገኝለታል፤ ጠዋት ጠዋት ቀዳዳውንና ቦዩን የጠረገ ሰው በቀትር አይቸገርም፤ በወረቀት የሞከረ ሰው በገላ አይሞክርም። ከሁሉ በላይ ግን ሕመሙን ገና ሲጀምር ለሚያውቅ ያማከረ ሰው ክብሩ አይነካም። እኔም ይህን የምጽፈው ከሦስት ቃል ሁለቱ ያልገባኝን መጽሐፍ ይዤ አዋቂ ልመስል እንደሞከርኩ ሳልረሳ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ዐሥራ ሁለቱ ምሰሶዎች ቆሙ። በማግሥቱ ሆሳዕና እኔም ከአክስቴ ቤት ተመልሼ እዚያው ነበርኩ፤ ሕዝቡ ዘንባባ በራሱ አስሮ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ የደብሩ ሽማግሌዎች ባላምባራስን መካከል አቁመው ማመስገን ጀመሩ። «ቃልዎን ጠበቁ፤ በእጅዎ ታላቅ ሥራ ሠሩ» አሏቸው። ባላምባራስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ሁሉንም ሳታውቁ አታመስግኑኝ» አሉ። የኑጉን ዘይት፣ የጧፉን ሰም፣ ረዳቶቹን ለምን እንዳሰናበቱ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። የአሊዩ አምባውን ልጅ በስሙ ጠርተው አመሰገኑ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞሩ።

«ይመኙሻል፣ የጠየቅሽልኝን ሳልሰማ፣ ስለ ኩራቴ እጅሽን ላስበላው ነበር። ሳምንቱ የይቅርታ ሳምንት ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር በይኝ» ብለው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

 ወይዘሮ ይመኙሻል ወዲያው አልመለሱም። ዝምታው ሲረዝም መምሬ ዘርአ ዳዊት እንኳ በጭንቀት ቀና ብለው አዩአቸው።

«ይቅር ብያለሁ፣ ባላምባራስ» አሉ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ ግን ሳልጠየቅም እናገራለሁ።»

ባላምባራስ እንደጎነበሱ «እሺ» አሉ።